ሞራ የተቀባው የቁጥር ቁልፍ

ዕድሜውን ብስክሌት ሲጠግን የኖረ ሰው እንደ ሚሊቮይ ተጸያፊ ሲሆን አላየሁም። በቤተ ክርስቲያናችን ከመዘምራኑ መካከል ጎን ለጎን ቆመን ብዙ ዘመን ዘምረናል፤ አንድ ቀን እንኳ ከጥፍሩ ሥር ጥቁር ነገር አላየሁበትም። ሰው አጠገቡ ካስነጠሰ የመዝሙሩን መጽሐፍ ወደ እኔ ይገፋል።

አገራችን ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ ነው። ቲሳ ወንዝ ራሱ ወዴት እንደሚፈስ የሚጠራጠር ይመስላል። ስለዚህ ቄሱም፣ አዋላጇም፣ ሰካራሙም የሚሄደው በብስክሌት ነው። የሁሉም ጉድ ታዲያ የሚራገፈው ሚሊቮይ ደጃፍ ላይ ነው። ከኮርቻ ሥር የተለጠፈ ማስቲካ፣ ጎማ ላይ የደረቀ የውሻ ዓይነ ምድር፣ ካቴና ውስጥ የተጠቀለለ ፀጉር፣ የዓመታት ላብ ያጠቆረው እጀታ። «ሰው ብስክሌቱን ሲያመጣልኝ ጠባዩንም ጭኖ ነው የሚመጣው» ይላል። ከዚያ ብስክሌቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ያስገባል፣ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ ቀጥሎ ጨርቁን ይጸየፈዋል።

ከሰማይ በታች የማይጸየፈው ምግብ ቢኖር የአሳማ ሞራ የተቀባ ዳቦ ነበር። ጨውና ቀይ በርበሬ ነስንሶበት ጠዋት ጠዋት ከሽንኩርት ጋር ይገምጠዋል። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሌላው የሚታወቅበት ነገር የቁጥር ቁልፍ መክፈት ነው። ብስክሌትን ከአጥር ጋር የሚያስሩበት፣ ጫፉ ላይ ባለ ቁጥር ቀለበቶች የተደረደሩበት የሽቦ ገመድ አለ አይደል? ባለቤቱ ቁጥሩን ሲረሳ ሚሊቮይን ይጠራል። እሱ መቁረጫ አያነሣም። የገመዱን ጫፍ በግራ እጁ ይዞ ቁልፉን ለማላቀቅ እንደሚፈልግ ሰው ይወጥረዋል፤ በቀኙ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ይዳስሳል። ገመዱ ሲወጠር አንደኛው ቀለበት ከሌሎቹ ይልቅ ጠጠር ይላል። እሱን ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀለበቱ ጉድጓድ ያገኘ ያህል ገባ ይላል፤ ገመዱም ከፀጉር በማይበልጥ ልክ ላላ ይላል። ከዚያ ሌላው ይጠጥራል። ሁሉም ገባ ገባ ሲሉ ቁልፉ ይከፈታል። ይኸው ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ጣቴ አልሰማ አለኝ።

ሲከፍት ዓይኑን ይጨፍናል። «የሰው ቁጥር ማየት በመስኮት የሰው መኝታ ቤት እንደ ማየት ነው» ይላል። ከተከፈተም በኋላ ፊቱን አዙሮ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ቁጥሩን አንብቦ «ለካ ሚስቴ የተወለደችበት ነው!» ብሎ ግንባሩን ይመታል።

በእኛ ከተማ ሁሉም ሰው ቁልፉ ላይ የሚያደርገው ዓመተ ምሕረት ነውና። ከልደት፣ ከሠርግ ወይም ከሞት የወጣ ሌላ ቁጥር አናውቅም። ይባስ ብሎ በመቃብር ቦታም ይኸው ነው። መቃብር ሲያጸዱ የሚቀመጡባትን ወንበርና የውኃ ማጠጫውን ሌባ እንዳይወስድባቸው መቃብሩን ከከበበው የብረት አጥር ጋር በቁጥር ቁልፍ ያስራሉ። ቁጥሩ የሟቹ ዓመት ነው፤ የሟቹ ዓመት ደግሞ ከራስጌው በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ሌባው ማንበብ ብቻ ይበቃዋል። ሚሊቮይ በዚህ ይንገሸገሻል። ከሙታን አበባ የሚሰርቀውን ሌባ ነው ወይስ ለሌባው በድንጋይ ጽፎ የሚያስቀምጠውን ዘመድ አብልጦ የሚጸየፈው፣ እኔ መለየት አልቻልኩም።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው በመጸው በሚውለው የሙታን መታሰቢያ ቅዳሜ ነው። በዚያ ቀን ጠዋት ራዶይካ ወደ ሱቁ መጣች። ሚሊቮይ ልጇን ክርስትና ስላነሣ አበልጁ ናት፤ ከባሏ ከስቬቶዛር ሞት በኋላም በበዓል ይጠያየቁ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ዕቃዋን ጠቅልላ ሚስቱ ወደ ሞተችበት ወደ ንብ አርቢው ወደ ላዮሽ ቤት ገባች። ሳይጋቡ። ሚሊቮይም ከላዮሽ ማር መግዛት ተወ።

ራዶይካ ብስክሌቷን አላስደገፈችም፤ በክርኗ ይዛት ቆመች። በጨርቅ የተቋጠረ የስንዴ ንፍሮ ከመሪው ላይ ተንጠልጥሏል። እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ ይዛቸዋለች።

«አበልጄ፣ እጄን እንዳይጨብጡኝ» አለች።

«ምን ሆኑ?»

«ያሽትቱት።»

ሚሊቮይ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። የከረመ የአሳማ ሞራ ነው። የዶሮ ኩስም ገብቶበታል።

«ጋቭራ የስቬቶዛርን መቃብር የአጥር በር በቁጥር ቁልፍ ቆልፎታል» አለች። ጋቭራ የሟች ባሏ ወንድም ነው። «ቁልፉንም በዚህ ለቅልቆታል። ትናንት አርብ ነው ያደረገው፣ ጎረቤቴ አይታዋለች። በጾም ቀን በሞራ ሲጫወት ዋለ። ስደውልለት ምን አለኝ? ‹አበልጅሽን ጥሪው። ከነካው ይክፈትልሽ።›»

ነገሩ ለሚሊቮይ ገብቶታል። በእኛ ባህል በመታሰቢያ ቀን ቄሱ ከመቃብር ወደ መቃብር እየዞረ ንፍሮውን ይባርካል። በአጥሩ ውስጥ ንፍሮውን ይዞ ቄሱን የሚቀበል ሰው የዚያ መቃብር ቤተሰብ እሱ ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው እንዲህ ነው። ራዶይካ ደጅ ከቀረች ከቤተሰቡም የቀረች ናት። ጋቭራም በመሸታ ቤት ሲናገር ከርሟል። «የሌላ ወንድ ምድጃ የምታሞቅ ሴት ከወንድሜ ጎን አትተኛም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ድንጋይ ጠራቢ አምጥቼ ስሟን አስፍቃለሁ» ብሏል። ስሟ፣ ፎቶዋና የተወለደችበት ዓመት ከባሏ ጎን ተቀርጿል። እኛ ባልና ሚስት ድንጋዩን አብረን ነው የምናቆመው፤ ከሞተው ጎን በሕይወት ያለውም ይጻፋል፣ የሞቱ ዓመት ቦታ ብቻ ባዶውን ይጠብቀዋል።

«ዓመቶቹን ሞከሩ?» አለ ሚሊቮይ።

«የስቬቶዛርን ሞት። ልደቱን። የአማቶቼን ሁሉ። የራሴን ልደት ሳይቀር። እምቢ አለ።»

«መቁረጫ አለኝ። አንዴ ነው ብጥስ የሚያደርገው።»

«ቆርጬ ከገባሁማ ሌባ ነኝ። እሱም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። አጥሩን ልዝለል ብልም በዚህ ወገቤ፣ በመቃብር ላይ? ተከፍቶልኝ እንደ ሰው ልግባ።»

ሚሊቮይ እጆቹን አየ። ጓንት ቢያደርግ ጣቱ አይሰማም። ባዶ እጁን ደግሞ በዚያ ነገር ውስጥ... ከዚያ ከአፉ ያልታሰበ ነገር ወጣ።

«ላዮሽስ? እሱ ምን ይሠራል?»

ራዶይካ ቀና አለች። «ላዮሽ ቤት ነው። ‹የዛሬው የስቬቶዛር ቀን ነው፣ እኔ እዚያ አልታይም› ብሎ በር ዘግቶ ተቀምጧል። ይልቅ እርስዎን ልጠይቅዎት። ባለፈው ክረምት በረዶው መስኮቴ ድረስ ሲመጣ እንጨት ፈልጦ ያመጣልኝ ማን ነበር? እርስዎ ነበሩ? ጋቭራ ነበር?»

ሚሊቮይ ኮቱን አነሣ።

መቃብር ቦታው በሰው ተሞልቷል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ከጫማ ጋር ይነሣል። ፀሐይ ያነጣችው የፕላስቲክ አበባ በየጥጉ ተከምሯል፤ ከአንዱ መቃብር ጀርባ ባዶ የቢራ ጠርሙስ ይታያል። ሚሊቮይ ይህን ሁሉ እየጎመዘዘው አለፈ። ሰዎቹ ደግሞ እነሱን ያዩ ነበር፤ አንገታቸውን ወደ ሻማቸው ደፍተው በዓይናቸው ጥግ። ያ አስተያየት ከጠርሙሱ የባሰ ቀፈፈው። እሱ ራሱ ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ሲያያት እንደ ነበር ትዝ አለው።

ቁልፉ ከሩቅ ይታወቃል። ዝንብ ወርሮታል። ቢጫ ሞራ ከላዩ ተድቦልቡሎ በበሩ ብረት ላይ ወርዷል፤ ቀለበቶቹ አይታዩም። ሚሊቮይ ተንበረከከና አንድ ጊዜ አቅለሸለሸው። ፊቱን አዙሮ ተፋ። በመሐረብ አፉን ጠረገና እንደገና ዞረ፤ እንደገና አቅለሸለሸው።

ሉቢንካ የምትባል ምላሷ የማያርፍ አሮጊት ሻማ ይዛ ስታልፍ ቆም አለች። «ሚሊቮይ፣ ምነው፣ አሳማ እያረድህ ነው?»

«አይ፣ አሳማው አምልጧል። እኔ የማየው የታሰረበትን ነው።»

አሮጊቷ ሳቋን በመሐረቧ አፈነችና አልሄድም ብላ ቆመች።

ሚሊቮይ አማተበ። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን አስገባ። በኋላ ሲነግረኝ «የሞተ ነገር አፍ ውስጥ እንደ መግባት ነበር» ብሎኛል። ሞራው በጣቶቹ መሃል ፈለቀ፤ ጠረኑ በአፍንጫው ገብቶ ከጉሮሮው ተጣበቀ። ተነሥ ተነሥ እያለው በግራ እጁ ገመዱን ወጠረው።

ያን ጊዜ የሆነውን ነገር እሱም አልጠበቀውም ነበር። በደጅ የሚውል ቁልፍ አሸዋና ዝገት ይበላዋል፤ ቀለበቱ ሁሉ ስለሚያንቋርር የትኛው እንደ ጠጠረ ለመለየት ብዙ ያደክማል። ይህ ግን እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ሦስቱ ያለ ድምፅ ይዞራሉ፣ አንዱ ብቻ ጠጠር ብሎ ቆሟል። ሕፃን እንኳ ይለየዋል። ጋቭራ ሚሊቮይን በሞራ ሊያባርር ብሎ ቁልፉን ዘይት እንደ ተቀባ አለስልሶ ሰጥቶታል። በእኛ አገር ሞራ የማንቀባው ነገር የለም፣ ለጫማ፣ ለበር ማጠፊያ፣ ለደረት ሕመም፤ ሞራ ነገርን እንደሚያለሰልስ ግን የሚያስታውስ ጠፋ።

«ሞኝ» አለ ሚሊቮይ ዓይኑን እንደ ጨፈነ።

«ማን፣ እኔ?» አለች ራዶይካ።

«እርስዎ አይደሉም።»

መጀመሪያ ሦስተኛው ቀለበት ገባ አለ። ቀጥሎ የመጨረሻው። ከታች በኩል የቄሱ ጥናና ዝማሬ ተሰማ፤ አባ ቫሲሊ ወደ እነሱ ተራ እየታጠፈ ነው። ራዶይካ ቋጠሮውን ፈትታ የንፍሮውን ሳህንና ማንኪያውን ያዘች። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ትንሽ አስቸገረ፤ አልፎት ሄደ፣ መለሰው። ገባ። ገመዱ በእጁ ላይ ላላ።

እንደ ልማዱ ፊቱን አዙሮ ለባለቤት መስጠት ነበረበት። ነገር ግን ባለቤቱ የለም፤ እጁ ላይ ያለው ነገር ደግሞ አላስችል አለው። ሳያስብ ዓይኑን ገልጦ መሐረቡን አወጣና ቁልፉን ጠረገው። ቁጥሮቹ ከሞራው ሥር አንድ በአንድ ወጡ።

2016።

ዓመቱ እሱ ነበር። ያኔ የያዝነው ዓመት።

ሚሊቮይ ቀና ብሎ ድንጋዩን አየ። ስቬቶዛር በፎቶው ላይ ኮፍያውን አጥልቋል። ከጎኑ ራዶይካ በወጣትነቷ ፈገግ ብላለች፤ ከሥሯ «1950» ይላል፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ የተወለወለ ባዶ ጥቁር ድንጋይ። በእጁ የያዘው ቁጥር ለዚያ ባዶ ቦታ ልክ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ራዶይካ ብትሞት ድንጋይ ጠራቢው የሚጽፈው ያንኑ ነው።

ሲያቅለሸልሸው የነበረው ቆመ። «ሆዴ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ ሞራው ሞራ ብቻ ሆነ፣ የሚገማው ሌላ ነገር ነበር» ብሎኛል። በአውራ ጣቱ ቀለበቶቹን ቶሎ ቶሎ አዘበራረቃቸው።

«ስንት ነበር?» አለች ራዶይካ ከኋላው።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«ሲጠርጉት ዓይንዎ ተገልጧል።»

«ሞራውን ነው ያየሁት። ይግቡ አበልጄ፣ ቄሱ ደርሰዋል።»

እንዲህ ሆኖ ገባች። ሻማውን ከድንጋዩ ሥር ተከለች፤ ቀይ ወይኑን በመስቀል አምሳል በመቃብሩ ላይ አፈሰሰች፤ ንፍሮውን ይዛ ቆመች። አባ ቫሲሊ ሲደርሱ ጋቭራም ከማዶ እየሮጠ መጣ። በእጁ ከኬክ ቤት የተገዛ ንፍሮ በፕላስቲክ ሳህን ይዟል፤ ክሬም እንደ በረዶ ተከምሮበት፣ ከላዩ የቼሪ ፍሬ ተቀምጦበታል። ለሟች ወንድሙ። ሉቢንካ እንኳ ዓይኗን ጨፈነች።

ጋቭራ የተከፈተውን በር አየና ቆመ። «ማን ከፈተው?»

«ሞራህ» አለ ሚሊቮይ። «እንደዚህ ተቀብቶ የማይከፈት ቁልፍ የለም።»

በአካባቢው ያለው ሰው ሳቀ፤ በመቃብር ቦታ እንደሚሳቅ፣ ወደ ውስጥ።

አባ ቫሲሊ ከመነጽራቸው በላይ ሁለቱን ሳህኖች አዩ። «ንፍሮው የማን ነው?» አሉ።

ራዶይካ ቀድማ መለሰች። «የእኛ ነው አባታችን። የኔም የወንድሙም።»

ቄሱ ባረኩት፣ ስም ጠሩ፣ ዘመርን። እኔም ከመዘምራኑ ጋር ነበርኩ። ከዚያ ራዶይካ ማንኪያውን ሞልታ ከሁሉ በፊት ወደ ጋቭራ ዘረጋች። ለሙታን ነፍስ የተዘረጋ ንፍሮ አይመለስም፤ ሰክሮ ራሱን የማያውቅ ሰው እንኳ አይመልሰውም። ጋቭራ ማንኪያውን አየ፣ ሰውን አየ። አፉን ከፍቶ ተቀበለ። «ነፍስ ይማር» አለ ጉንጩ እንደ ሞላ። ሲያኝክ አየሁት። ስንዴውን ሳይሆን ራሱን የሚያኝክ ነበር የሚመስለው፤ እኔም አላማረኝም፣ ዓይኔን ወደ ሻማው መለስኩ። ነገር ግን ዋጠው። ያንን ንፍሮ በሰው ሁሉ ፊት ከእጇ የበላ ሰው ከዚያ በኋላ ድንጋይ ጠራቢ ሊያመጣ አይችልም፤ አላመጣምም።

ሚሊቮይ ቁልፉን በመሐረብ ጠቅልሎ ለጋቭራ አስረከበው። «መሐረቡን አትመልስልኝ» አለው።

ሰው ሲበተን ሁለቱ ከመቃብር ቦታው ቧንቧ ሥር ተገናኙ። ሁለቱም እጃቸውን ይታጠቡ ነበር፤ ጠረኑ ግን አይለቅም። ሚሊቮይ ሳያየው ተናገረ።

«ቁጥሩን አይቼዋለሁ።»

ጋቭራ ጆሮው ቀላ። «ቁልፉን የገዛሁበት ዓመት ነው። እንዳልረሳው ብዬ።»

«ይሁንልህ። እኔ ለእሷ አልነግራትም። አንተ ግን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ገዛሁበት ካልክም ገዛሁበት በላቸው።»

እኔ ጋቭራን ማመን እመርጣለሁ። እውነትም የገዛበት ሊሆን ይችላል፤ እግዚአብሔር የሰውን ልብ ከቁልፍ አብልጦ ያውቃል። ሚሊቮይ ግን አላመነም። የዚያ ዓመት ቀሪ ጊዜ አስጨነቀው። የቤተ ክርስቲያን ደወል ለሞተ ሰው ሲደወል ሥራውን ጥሎ ደጅ ይወጣና «ማን ነው?» ይላል። በየሳምንቱም በላዮሽ ቤት በኩል ያልፋል። «ፍሬንዎ እንዴት ነው አበልጄ? በረዶው ሳይመጣ ልየው» ይላል። ፍሬኑ ምንም አልነበረውም። እየፈታ ይገጥመው ነበር፤ እሷም ቆማ ታየው ነበር።

ሞራ የተቀባ ዳቦም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልበላም። ጠዋት ጠዋት ደረቅ ዳቦ በሻይ ነው። ሞራው ከጣቱ ለቆ ከሐሳቡ አልለቀቀም።

አዲሱ ዓመት ገባ፤ ሰው ርችት ተኮሰ። ሚሊቮይ ግን ገና እፎይ አላለም። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቆጥረው በአሮጌው አቆጣጠር ነው፤ በእሱ ዓመቱ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። «ሰይጣን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሠራ አይታወቅም» አለኝ። ሁለተኛውን አዲስ ዓመት ጠበቀ። በማግስቱ ጠዋት ቅዳሴ ቆሞ፣ ሻማ አብርቶ፣ በበረዶው ላይ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ላዮሽ ቤት ሄደ።

ራዶይካ ዳቦ ከምድጃ እያወጣች ነበር። ላዮሽ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀለት። ሚሊቮይ «ማር አለህ?» አለው። አለኝ አለ። «ሁለት ማሰሮ ስጠኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ያልገዛሁትን ጨምረህ።»

ላዮሽ ወደ ጓዳ ሲገባ ራዶይካ ትኩሱን ዳቦ ቆረሰች። ነጭ ሞራ ቀባችው፣ ጨውና በርበሬ ነሰነሰችበት፤ እንደሚወደው ታውቃለች። ከፊቱ አስቀመጠችው። ሚሊቮይ ዳቦውን አየ። ሞራው በሙቀቱ እየቀለጠ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ራዶይካ ከፊቱ ተቀመጠች። ጉንጯ ከምድጃው የተነሣ ቀልቷል።

«አሁንስ ይነግሩኛል?» አለች። «ቁጥሩ ስንት ነበር?»

ሚሊቮይ አማተበ። ዳቦውን አነሣና ገመጠው።

«እንጃ» አለ እያኘከ። «ብቻ አልፏል።»